ሲንክሮናይዘር የሌላትን አሮጌዋን ፊያት 500 እንዴት እንነዳለን?

የፊያት መሐንዲሱ ዳንቴ ጃኮዛ የነደፋት ይህች መኪና፣ በሙሉ ስሟ ኑኦቫ 500፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ለጣሊያን ጠባብ የከተማ መንገዶች ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር አይሞላም፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ በአየር ይቀዘቅዛል። ዛሬ ለሚነዳት ሰው ፈተናው ካምቢዮው ነው፤ ከአራቱ የፊት ማርሾች አንዱም ሲንክሮናይዘር፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር የሚገጥሙትን ክፍሎች ፍጥነት በራሱ የሚያመሳስል ክፍል፣ የለውም። ከታች ያለው በተለይ ኤፍ እና ኤል የሚባሉትን ሞዴሎች ይመለከታል።

ማስነሳት

ቁልፉ ኤሌክትሪኩን ብቻ ይከፍታል። ሞተሩን የሚያስነሱት በሁለቱ ወንበሮች መሃል ካሉት ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አንዱን ስበው ነው፤ ሌላው ለቀዝቃዛ ሞተር ነዳጁን የሚያበዛው የቾክ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ቾኩን እስከ መጨረሻው ይሳቡ፣ ነዳጅ ግን አይርገጡ። የዌበር ካርቡራቶሩ ማስነሻ (ቾኩ) በደንብ የሚሠራው ቢራቢሮው፣ ማለትም ነዳጅ ሲረግጡ የሚከፈተው የአየር መዝጊያ፣ ተዘግቶ ሳለ ነው፤ ብዙ ሰው ባትሪ የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ እንደያዘ የሞተሪኖውን ዘንግ ይልቀቁ፣ ቾኩን ቀስ በቀስ ይመልሱ።

በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ይቁሙ። ማቀዝቀዣው ፋን ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስለሚዞር፣ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ አየር አያገኝም።

መነሳትና ማርሽ መጨመር

ፍሪሲዮኑን ረግጠው ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠብቁ፤ በካምቢዮው ውስጥ የሚዞረው ዘንግ እስኪቆም ነው። ከዚያ 1ኛን ያስገቡ። እምቢ ካለ አይታገሉት፤ መጀመሪያ 2ኛን ነካ አድርገው ወደ 1ኛ ይመለሱ። የኋላ ማርሽም እንዲሁ ነው። 1ኛ መኪናዋ ቆማ ብቻ የሚገባ ማርሽ ነው ብለው ይያዙት።

ወደ ላይ ሲቀይሩ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ወደ ዜሮ ያውጡ፣ አንድ አፍታ ቆም ይበሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ያስገቡ። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ቆምታው ትንሽ ይረዝማል። የተቻኮለ እጅ ጥርስ ያፋጫል።

ማርሽ መቀነስ

ዋናው ጥበብ ይህ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ይበልጥ መፍጠን ስላለበት፣ ማርሹ ከመግባቱ በፊት እርስዎ ማፍጠን አለብዎት። ከ3ኛ ወደ 2ኛ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይለማመዱ፦

1. ፍሪሲዮኑን ረግጠው ማርሹን ወደ ዜሮ ያውጡ።
2. ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ይህን የዘለለ ሰው ነዳጁ ሞተሩን ብቻ ያስጮኻል፤ የካምቢዮው ዘንግ አይፈጥንም።
3. ነዳጅ አንዴ ጠቅ ያድርጉ።
4. ወዲያው ፍሪሲዮኑን መልሰው ረግጠው 2ኛን ያስገቡ።

ነዳጁ ምን ያህል? በኤፍ ሞዴል ላይ 2ኛ እስከ 40፣ 3ኛ እስከ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ ወደ 2ኛ ሲወርዱ ሞተሩ ቀድሞ ከነበረበት ወደ 1.6 እጥፍ መፍጠን አለበት። ጀማሪ ሁሉ ነዳጅ ይሰስታል፤ ትንሽ ቢበዛ ይሻላል፣ እጅዎ ማርሹ ጋ እስኪደርስ ፍጥነቱ ይወርዳልና። በትክክል ሲገጥም ማርሹ ያለ ድምፅ፣ በሁለት ጣት ግፊት ይገባል። ሞተሯ 18 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለሆነ ዳገት ላይ ፍጥነቷ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ መቀነሱን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ይጨርሱ።

አሁንም የሚፋጭ ከሆነ

ቆመው ረጅም ጠብቀውም 1ኛ የሚፋጭ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የፍሪሲዮኑ ገመድ ላልቶ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነውና፣ መጀመሪያ ገመዱን በማስተካከያ ፍሬው ያጥብቁ፤ ግን የተወሰነ ልቅነት ይተዉለት፣ አለዚያ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ነዳጅ ለቀው ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሹ በራሱ ወደ ዜሮ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማያያዣው ጥርስ አልቋል፤ ካምቢዮው መፈታት አለበት። ማርሹን በእጅ ይዞ መንዳት መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ማርሹን ገፍቶ የሚያስገባውን የማርሽ ሹካ ይበላዋል፣ ወጪውም ይጨምራል።