ለህንድ ስልጠና ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሂሳብ ወይም ፊዚክስ ከህንድ መምህር የተማረ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ መንገዱ በአብዛኛው ተገልብጧል። የኛ ሠራተኛ ነው ወደ ህንድ ሄዶ የሚማረው። ከትልልቆቹ በሮች አንዱ አይቴክ ይባላል፤ የህንድ የቴክኒክና የኢኮኖሚ ትብብር ፕሮግራም ነው። የተጀመረው በፈረንጆቹ 1964 ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የትምህርት ክፍያውን፣ ማደሪያውንና የኪስ ገንዘቡን የህንድ መንግሥት ይችላል። ኦዲት አለ፣ ገጠር ልማት አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ ሥራ ፈጠራ አለ። አንዳንዱ በሳምንታት ያልቃል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል።

ዕድሉ መጥቶ የሚያመልጠን፣ ወይም ተጠቅመንበትም ምንም የማይተርፈን፣ ሁሌም በተመሳሳይ ምክንያቶች ነው።

«ኦንላይን ሞልቻለሁ» ብሎ መቀመጥ

ይህ መንግሥት ከመንግሥት ጋር የሚሠራው ነገር ነው። የግለሰብ ማመልከቻ ብቻውን የትም አይደርስም። ቅጹን የአይቴክ ድረ ገጽ ላይ ይሞላሉ፣ ያትማሉ፣ ይፈርማሉ። ከዚያ መሥሪያ ቤትዎ ያጸድቀዋል፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ይደግፈዋል፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ያለው የህንድ ኤምባሲ ይደርሳል።

ጊዜ የሚበላው የመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ፈራሚው መስክ ወጥቷል። ማህተም የምትይዘው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት። መዝገብ ቤት ወጪ ቁጥር ካልሰጠው ደብዳቤው ከግቢ አይወጣም። ሁሉም ተሟልቶ ደግሞ በስምዎ አጻጻፍ ይመለሳል፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ደብዳቤው ላይ ሌላ። ስለዚህ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ተነስተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ረቂቁንም ራስዎ ጽፈው ይዘው ይግቡ። መቼም «ጻፍና አምጣ» መባልዎ አይቀርም።

በግል ድርጅት የሚሠሩ ሰዎች «እሱ እኮ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብለው ይተዉታል። ፕሮግራሙ ለግሉ ዘርፍና ለንግድ ምክር ቤት ሰዎችም ክፍት ነው። የዕድሜ ገደቡ በአብዛኛው ከ25 እስከ 45 ነው። እሱን አስቀድመው ይዩ።

ርዕሱን በከተማው መምረጥ

«ዴልሂ አጠገብ ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ስለ ትምህርቱ ይዘት ከመጠየቁ በፊት ነው። ሰው ህንድን ማየት ቢፈልግ አልፈርድም። ግን መራጩ የሚያየው የሥራ መደብዎንና የኮርሱን ርዕስ ጎን ለጎን አድርጎ ነው። ካልተገናኙ ፋይሉ እዚያው ይቀራል።

ለምን እንደሚፈልጉት በሚጻፍበት ቦታ ላይ ደግሞ አገር ምድሩ አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል፤ «ዕውቀቴን አዳብሬ ለአገሬ የበኩሌን ለማበርከት»። ይህ ማንንም ከማንም አይለይም። እንዲህ ቢባልስ፦ «የወረዳችን የውኃ ጉድጓዶች መረጃ በወረቀት ተይዟል። ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ የያዙት ቁጥር አይገጥምም። ጉድጓዶቹን በዲጂታል ካርታ ማስፈር መማር እፈልጋለሁ፤ ስመለስ በዚህ መረጃ እጀምራለሁ።» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ያነበበው ሰው ግን ችግሩንም ሰውየውንም ያያል።

ስልጠናን በተራ ማደል

ይህ ለሀላፊዎች ነው፤ ለኔ ከሁሉም የከፋው ስህተትም ይኸው ነው። የስልጠና ዕድል ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ገና አልወጣም?» የሚል ነው። የዓመት ፈቃድ እንደሚደለደለው ይደለደላል። ለግዥ ስልጠና ንብረት ክፍል ያለው ይሄዳል፤ ባለፈው ዙር የግዥዋ ባለሙያ ሄዳለችና። ወይም ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀረው ሰው «ይደሰት» ተብሎ ይላካል። ወይም ደህና ሠልጥኖ የመጣው ሰው በወሩ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ቲኬቱን የከፈለው ሌላ መንግሥት ስለሆነ ማንም የከሰረ አይመስለውም። ወንበሩ ግን የባከነው ከኛ ነው።

ከዚህ የተለየ ነገር በቆዳው ዘርፍ ተሞክሯል። የኢትዮጵያ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ተቋም ቼናይ ካለው የህንድ ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋም ጋር ተጣምሮ ነበር። የኛዎቹ እዚያ ተማሩ፣ የነሱ ባለሙያዎች እዚህ መጥተው አብረው ሠሩ። የቆዳው ዘርፍ ችግሩ በዚህ አለቀ ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ሰው ቢለቅ ሌላው የጀመረውን ይቀጥላል። አንድ ባለሙያ ብቻዋን ልከው ስትመለስ ብቻዋን ከሚያስቀምጧት፣ በሁለት ዙርም ቢሆን ከአንድ ክፍል ሁለት ሰው ይላኩ።

ቢጫ ካርዱን መርሳት

ከኢትዮጵያ ህንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ህንዶች ቀልድ አያውቁም። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አያዋጣም። ካርድ የሌለው ሰው ኤርፖርት ላይ ተይዞ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። የሁለት ሳምንት ኮርስ ከሆነ ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ሻንጣ ላይም አንድ ነገር። «ህንድ ሙቀት ነው» ብለው በታኅሣሥና በጥር ዴልሂ ወይም አጠገቧ ያለችው ኖይዳ በስስ ሸሚዝ የሚወርዱ አሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደቡብ ያለችው ቼናይ ከሆነ ግን ጃኬቱን ቤት ይተዉት።

ጾመኞች ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን የታሸገ ምግብ ሁሉ የጾም ነው ብለው እንዳይበሉ። ምልክቱ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው፤ ወተትና ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። ወጡ ውስጥ የሚገባው ነጭ ኩብም ብዙ ጊዜ ፓኒር የሚባለው አይብ ነው። ምስሩን ሲያዝዙም ቅቤ እንዳይጨምሩበት ይንገሯቸው።

ሪፖርት አስገብቶ መገላገል

ሲመለሱ የሚጠየቁት ሪፖርት ነው። ይጻፋል፣ ይታሰራል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በዚያ ፋንታ፣ ወይም ከዚያ ጋር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለባልደረቦችዎ ግማሽ ቀን ያሳዩ። የተሰጡዎትን ፋይሎች በክፍሉ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡ። የኮርሱን የዋትስአፕ ግሩፕም አይልቀቁ። የጋናዋ ወይም የታንዛኒያው አብሮ ሠልጣኝ እርስዎን የገጠመዎትን ችግር ፈትቶት ሊሆን ይችላል።

ኦንላይን ስልጠናን መናቅ

ቲኬት የለውም፣ አበል የለውም፣ ስለዚህ ፈላጊ የለውም። ይሁን እንጂ በርቀት መማር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ህንድ ለአፍሪካ የዘረጋችው የርቀት ትምህርትና ሕክምና መረብ በፈረንጆቹ 2007 ሲሞከር የተጀመረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ገብቶበት ነበር። አይቴክም በኦንላይን የሚሰጣቸው ኮርሶች አሉት። ችግሩ ሌላ ነው። ቢሮ ቁጭ ብለው ሲማሩ እንደ ተማሪ የሚቆጥርዎ የለም። ትምህርቱ መሀል ላይ «ና እስቲ አንዴ» ይባላል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ባለጉዳይ ይገባል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ከነዚያ ሰዓቶች ነፃ መሆንዎን ሀላፊዎ በጽሑፍ ያረጋግጡልዎ። ግልባጩም ለሰው ሀብት ይግባ።