የግቢ ድመትን ቤት ውስጥ መጸዳዳት እንዴት እናለምዳለን?

ግቢ ያደገች ድመት ቤት ላስገባ ስትሉ ሰው ሁሉ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ «ሽንቷንስ ምን ልታደርጉት ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የድመት ሽንት አንዴ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ውስጥ ከሰረገ ሽታውን ማስለቀቅ ከባድ ነው። ግን ነገሩ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የግቢ ድመት መጸዳዳት ታውቃለች። አፈር ትቆፍራለች፣ ትጸዳዳለች፣ መልሳ ትሸፍናለች። ይህን እኛ አናስተምራትም። የእኛ ሥራ የለመደችውን አፈር ቀስ አድርጎ ቤት ማስገባት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ጅማ ላይ ድመትን ከውጭ ለማዳን በቂ ምክንያት አለ። ውሻ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ማታ ማታ ጅብ ከተማው ዳር ድረስ ይመጣል። ከሁሉም የሚከፋው የአይጥ መርዝ ነው። ጎረቤት ያስቀመጠው መርዝ አይጧን ገድሎ አያበቃም፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። እኔም ድመቴን ውሪትን ቤት ለማስገባት የቆረጥኩት በዚሁ ፍርሃት ነው። ደግነቱ እዚህ ድመት ቤት መግባቷ ብዙ ሰው አይከፋውም። በእስልምና ድመት ንጹሕ ተደርጋ ስለምትታይ ሰው ጎን ፍራሽ ላይ የምትተኛበት ቤት ብዙ ነው።

መቼ ይጀመር?

ዝናቡ ሲበረታ። በጋ ላይ ደረቅና ለስላሳ አፈር በየቦታው ሞልቷል፤ ድመቷ የእናንተን ሳፋ የምትመርጥበት ምክንያት የላትም። ሰኔ ገብቶ ግቢው ጭቃ ሲሆን ግን ራሷ ደረቅ ቦታ ፍለጋ በረንዳ ላይ ትወጣለች። የጅማ ዝናብ ደግሞ ረጅም ነው፤ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ምን ያስፈልጋል?

የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል። ድመቷ ውስጡ ቆማ እንደ ልብ መዞር አለባት፤ ርዝመቱ የእሷን አንድ ተኩል ቢያህል ጥሩ ነው። ጠርዙ ከፍ ካለ በአንድ በኩል መግቢያ ቁረጡለት። ካርቶን አይሆንም፤ በሁለተኛው ቀን ሽንቱ ታች ይወርዳል። ከውጭ የሚመጣ፣ ክዳንና በር ያለው ሳጥን ብታገኙም ለጊዜው ተዉት። የግቢ ድመት ስትጸዳዳ ዙሪያዋን ማየት ትፈልጋለች። ከሳፋው ሌላ አንድ ወንፊትና ለዚሁ ብቻ የሚለይ ቀዳዳ ያለው ጭልፋ ያስፈልጋል።

ሳፋው ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ላይ ጥብቅ አቋም አለኝ። ምርጡ የግንባታ አሸዋ ነው። በወንፊት ንፉት፣ ፀሐይ ሲወጣ ሸራ ላይ አስጥታችሁ አድርቁት። ድመት ደቃቅና ሽታ የሌለው ነገር ትወዳለች፤ ጠጠር ያለበትን ትሸሻለች። ጅማ የበርጩማና የእንጨት ሥራ አገር ስለሆነች ሰጋቱራ ማግኘትም አይቸግርም። ሰጋቱራ ሽንት ይመጥጣል፣ ሽታም ይቀንሳል። ብቻውን ግን አልወደውም፤ እግሯ ላይ ተጣብቆ ቤቱን ይሞላዋል፣ ብናኙም አፍንጫዋ ይገባል። ከአሸዋ ጋር ቀላቅሉት። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከነካው እንጨት የወጣ ከሆነ አትውሰዱ።

ሁለት ነገሮችን ግን ፈጽሞ አትሞክሩ። አንዱ የቡና ገለባ ነው። ጅማ ላይ በነፃ የሚገኝ፣ ደረቅና ቀላል ስለሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ገለባው ግን ካፌይን አለበት፣ ካፌይን ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። ድመት ከተጸዳዳች በኋላ እግሯን ትልሳለች፤ የላሰችውን ትውጣለች። በዚያ ላይ ገለባ እርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ይሻግታል። ሁለተኛው አመድ ነው። ድመት ምድጃ ዳር መተኛት ስለምትወድ አመድ የሚስማማት ይመስላል። አመድ ሽንት ሲነካው ግን እግሯን ያቃጥላል።

ከግቢ ወደ ቤት ማሻገር

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ድመቷን ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ አዲስ አሸዋ የሞላ ሳፋ ያሳያታል። እሷ ሳፋውን አታውቀውም፤ የምታውቀው ሽታ የለበትም። ሲብስባት አልጋ ሥር ትገባለች ወይም ለስላሳ ልብስ ላይ ትጸዳዳለች። ከዚያ «ይቺ ድመት አትማርም» ተብላ ትባረራለች።

እናንተ ከእሷ ቦታ ጀምሩ። መጀመሪያ የት እንደምትቆፍር ተከታተሉ። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የተኮተኮተ የጎመን መደብ ወይም ቡና ሥር ነው። የሳፋውን ታች በአሸዋ ሙሉ፣ ከላይ እሷ ከምትጠቀምበት ቦታ የተነሳ አፈር አልብሱት። ጥልቀቱ በጠቅላላ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ሳፋውን እዚያው፣ ትቆፍርበት በነበረው ቦታ ላይ አስቀምጡ። ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በጭራሮ ሸፍኑት፤ በአካባቢው ለእግሯ የሚመች አፈር ሳፋው ውስጥ ብቻ ይኑር። ዝናብ እንዳይሞላው ከላይ ቁራጭ ቆርቆሮ በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ ጣሉበት፤ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ይሁን።

ሳፋው ውስጥ የተቆፈረ አፈር ስታዩ ደስ ይላችኋል፣ ግን አትቸኩሉ። ደጋግማ እስክትጠቀምበት ጠብቁ። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ቤቱ አስጠጉት። አንድ ቀን ሳፋውን ትታ ወደ ድሮ ቦታዋ ከተመለሰች ፈጥናችሁባታል ማለት ነው። ሳፋውን መጨረሻ ወደተቀበለችበት ቦታ መልሱና እዚያ ትንሽ አቆዩት።

በረንዳ ላይ ሲደርስ ረዘም ላለ ጊዜ አቆዩት። ከበሩ ወዲያ ያለው ዓለም ለእሷ ሌላ ነው። የሰው ድምፅ፣ የቴሌቪዥን ጩኸት፣ የከሰል ጭስ አለ። ስለዚህ ሳፋው በረንዳ ላይ ሳለ ምግቧን ቤት ውስጥ ስጧት፤ ገባ ወጣ ማለት ትልመድ። ቀጥሎ ሳፋው ከበሩ ወዲህ ይገባል፣ በሩ ክፍት እንደሆነ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ቦታው ይሄዳል። ይህ ቦታ ጸጥ ያለ ጥግ ይሁን፤ ሰው የማያልፍበት፣ ከምግቧና ከውኃዋ የራቀ።

አንድ ሕግ ግን እንዳትጥሱ፦ ቦታውንና አፈሩን በአንድ ቀን አትቀይሩ። ሳፋው ቋሚ ቦታውን ይዞ፣ እሷም ከተረጋጋች በኋላ ባጸዳችሁ ቁጥር አንድ እፍኝ አፈር ቀንሱና አንድ እፍኝ አሸዋ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ንጹሕ አሸዋ ይቀራል። የጅማ ቀይ አፈር እግሯ ላይ ሆኖ ሲሚንቶውን ምን እንደሚያደርገው ስለምታውቁ ይህን እንደማትዘነጉት እርግጠኛ ነኝ።

በሩን መዝጋት

ከማታ ጀምሩ። እራቷን ሲመሽ ስጧትና በሩን ዝጉ። ድመት ከበላች በኋላና ከእንቅልፍ ስትነቃ መጸዳዳት ስለምትፈልግ ሳፋውን በደንብ ማየት አለባት። ንጋት ላይ በሩ ሥር ቆማ ትጮኻለች። ልብ ይበላል፤ ግን ጩኸቷ በር እንደሚከፍት አንዴ ካወቀች ሁልጊዜ ትጮኻለች። ዝም ስትል አጫውቷት፤ ገመድ ጎትቱላት። የምትቧጥጠው ጆንያ የተጠመጠመበት ግንድ አቁሙላት፤ ያለዚያ ሶፋው አለቀለት። መስኮት ላይ የሽቦ ወንፊት ካለ ደጁን እያየች ትውላለች። ሌሊቱን ስትለምድ ቀኑ ይከተላል።

ብትስትስ?

አትምቷት። አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ማሸትም ምንም አያስተምራትም፤ እናንተን መፍራትና ተደብቃ መጸዳዳት ብቻ ትማራለች። ሽንቱን በጨርቅ ምጠጡት፣ በኦሞ እጠቡት፣ ከዚያ አቼቶ በውኃ በጥብጣችሁ እለፉበት። ሽንት ላይ በረኪና አታፍሱ፤ የሚወጣው ጋዝ ለእናንተም ለእሷም ጎጂ ነው። ዴቶልም ለድመት መርዝ ስለሆነ ሳፋውን በእሱ አትጠቡ።

ሳፋው በየቀኑ ይጸዳ። አንደኛ ቆሻሻ ሳፋ ድመት ትተዋለች። ሁለተኛ የጤና ጉዳይ ነው። በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ተውሳክ ሰው ላይ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ ቶሎ ከተጣለ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝላት፣ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና። የወጣውን በፌስታል አስራችሁ ጣሉት፤ ጎመን መደብ ላይ አይበተን። እጅ በሳሙና መታጠብ የግድ ነው። ሁለት ድመት ካላችሁ ሦስት ሳፋ አዘጋጁ።

ወንድ ድመት ቆሞ ጅራቱን ወደ ላይ አድርጎ ግድግዳ ላይ ሽንት ከረጨ ነገሩ ከሳፋው ጋር አይገናኝም። ግዛቱን እያመለከተ ነው፤ ማስኮላሸት አብዛኛውን ጊዜ ያስተወዋል። ሳፋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው ግን ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በቀናት ውስጥ ይገድላል። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ነንና ሐኪም ጠይቁ፣ እስኪነጋ ሳትሉ በዚያው ቀን ውሰዱት።