ፒያኖው «ዝዝዝ» ሲል አትደንግጡ

እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹና በ1820ዎቹ ቪየና ውስጥ ከተሠሩ ፒያኖዎች ብዙዎቹ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ፔዳል ነበራቸው። ዛሬ በቀረጻ ስንሰማቸው የምንሳሳተው እነዚህ ፔዳሎች ላይ ነው።

ዋናው ስህተት ንዝረቱን እንደ ብልሽት መቁጠር ነው። «ባሱን» የሚባለው ፔዳል ሲረገጥ፣ ብራና ወይም ወረቀት የተለበጠበት ዘንግ ወርዶ የወፍራሙን ድምፅ ክሮች ለስለስ አድርጎ ይነካል። ክሩ በተመታ ቁጥር ብራናው ላይ ይርገበገብና ይነዝራል። ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በገናን አስቡት፤ ያ የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራ ነው። እንዚራዋን አውጡና ደርድሩ፤ በገናው በገና መሆኑ ይቀራል። የቪየና ሠሪዎች ከበገና አልተማሩም፤ ብልሃቱ ግን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ብራናም ቆዳ ነውና። ልዩነቱ ፒያኖው የሚነዝረው እግር ሲያዝዘው ብቻ መሆኑ ነው።

ሌላው፣ የሞዛርትን የፒያኖ ሥራ «የቱርክ ማርሽ»ን «የቱርክ» ከሚባለው ፔዳል ጋር ማጋባት ነው። ይህ ፔዳል ከሥር ባለ መዶሻ የፒያኖውን የእንጨት ገበታ እንደ ከበሮ ይደልቃል፤ ትናንሽ ደወሎችንም ያንጫርራል። ሞዛርት ግን ሥራውን ያሳተመው በ1784 ነው፤ ፔዳሉ ፋሽን የሆነው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። የቪየናው ፒያኖ ሠሪ አንቶን ዋልተር የሠራው የሞዛርት ፒያኖ የቱርክ ፔዳል የለውም፤ የክር ማፈኛዎቹ እንኳ የሚነሱት በእግር ሳይሆን በጉልበት በሚገፋ ማንሻ ነው። ከበሮውን የጻፈው ለግራ እጅ ነው። በቀረጻ ላይ እውነተኛ ድለቃ ከሰማችሁ የተጫዋቹ ምርጫ ነው (እኔ በበኩሌ አልጠላውም)።

«ሞደሬተር» የሚባለውንም ፔዳል ድምፅ መቀነሻ ብቻ አታድርጉት። በመዶሻውና በክሩ መካከል ጨርቅ ስለሚያስገባ የድምፁን መልክ ራሱን ይለውጣል፤ ከሩቅ የመጣ ያስመስለዋል። ቤት ውስጥ ባለ ቋሚ ፒያኖ ላይ ጎረቤት እንዳይረበሽ የምንረግጠው የመካከለኛው ፔዳል ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

በመጨረሻ፣ የባሱን ፔዳልን ንዝረት ለማስመሰል መዶሻዎቹ ላይ ሚስማር አትሰኩ፤ ሱፉን ይበሳል፣ ክሩንም ይጎዳል። በግራንድ ፒያኖ ወፍራም ክሮች ላይ አንድ ስስ ወረቀት ማጋደም ይበቃል። ፒያኖው የሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ።