ከወንዝ የወጣ ሃርድቶፕ፦ የዲፈረንሻል ዘይት ማኪያቶ ሲመስል

አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ለያዛችሁ ነው። ያቺ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ዋን ኤችዜድ ሞተር ያላት። ሞተሩን ተዉት፤ እሱ እኛንም ይቀብራል። ጣጣው ከሥር ነው፣ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) እስከ ጎማ ባለው። ዘይት መለካት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ በክሪክ አንስቶ ጎማ መነቅነቅ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ስትነሳ ወይም ማርሽ ሲቀየር ከሥር «ቋ» ካለች ክሮቸራ ነው፣ የትራስሚሽኑ መስቀለኛ መጋጠሚያ። ትራስሚሽኑን (ከሥር ወደ አክስል የሚሄደውን የሚዞር ዘንግ) ስትፈቱ የነበረበትን አቅጣጫ በቀለም ምልክት አድርጉ። ተዛንፎ ከገባ አስፋልት ላይ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ንዝረት ታተርፋላችሁ።

ጉድጓድ ከመታች በኋላ መሪው እጅ ላይ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ጎማ ባላንስ ለማስደረግ ከመሮጥ በፊት የፊት አክስል ኳሱን (ጎማው ጋ መሪ ሲዞር የሚታጠፈውን ክብ ቤት) የላይና የታች ኩሽኔታ እዩ። ሺሞቹ (ክፍተት የሚሞሉት ስስ ብረቶች) የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረ ሳትጽፉ አትፍቱ።

የካምቢዮ ዘይት እየጎደለ የትራንስፈሩ (ከካምቢዮ ኋላ ያለው የፎር ዊል ማርሽ ሳጥን) ከሞላ፣ መሬት ላይ ጠብታ አትፈልጉ። በሁለቱ መካከል ያለው ኦይልሲል ነው፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት። ካምቢዮ ማውረድ አለ፣ ምን ይደረግ።

ፎር ዊል ገብቶ የፊቱ አልስብ ካለ፣ ሁለቱም ጎማ ላይ ያለው ሎክ መዞሩን እዩ። አትሳቁ። ለዚህ ብቻ በሎቤድ ተጭና የመጣች መኪና አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ክረምት በገባ ቁጥር ጋራዡን የሚሞላው ይኼኛው ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። የፊት ጎማው የውስጥ ገጽ በጥቁር ቅባት ይርሳል። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ስትነሳ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የዲፈረንሻሉን (አክስሉ ላይ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለውን የማርሽ ቤት) ዘይት ስታወርዱ ማኪያቶ ይወጣል። ቀለሙም፣ አረፋውም።

ብዙ ሰው «ኦይልሲሉ አርጅቶ ነው» ብሎ ይቀይርና ይሸኛል። ከሁለት ወር በኋላ መኪናዋ ትመለሳለች። እኔም መጀመሪያ አካባቢ እንደዚያው አደርግ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣች ሃርድቶፕ በአንድ ክረምት ሦስቴ ገብታብኛለች። ሦስቴ ቀየርኩ። በሦስተኛው ሹፌሩን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ መኪናዋን የት ነው የሚያጥቧት?»

«ወንዝ ነዋ! ከመስክ ስንመለስ እስከ መሃል አስገብቼ አጠፋታለሁ። ልጆቹ አጥበው ይሰጡኛል።»

ነገሩ ተገለጠልኝ። ሦስት ሰዓት የተነዳ ዲፈረንሻል እጅ አያስነካም። ውስጡ ያለው አየርም ግሎ ሰፍቷል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር አየሩ ይኮማተራል፤ ከውጭ መሳብ ይጀምራል። አየር በመተንፈሻው ካላገኘ በኦይልሲሎቹ በኩል ውሃ ይስባል። ኦይልሲል ደግሞ የተሠራው ዘይት እንዳይወጣ ነው፤ ከውጭ ለሚሳብ ውሃ ብዙም አይቸገርለትም። መሻገር ሁለት ደቂቃ ነው። ማጠቡ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠጣ ነበር ማለት ነው።

አክስሉ ላይ ያለችውን የመተንፈሻ ቆብ ፈትቼ አየኋት። ዋልካው ደርቆባት ሸክላ ሆኗል። በሚስማር ነው የፈለፈልኩት።

እንግዲህ አሠራሩ። መኪናዋን አሳድሯት። ጠዋት መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡ! ዘይቱን አፍስሶ የመሙያው ብሎን እምቢ ያለው ልጅ መኪናዋን ሁለት ቀን አቁሟታል። ማፍሰሻውን ገና ስታላሉት ንጹሕ ውሃ ከቀደመ፣ ውሃው ከሥር ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ብሎኑ ላይ ያለውን ማግኔት በጣታችሁ ዳብሱት። እንደ ኩል የላመ ብናኝ ያለ ነው። ስባሪ ብረት ከተያዘ ግን ኮሮናና ፒኞኑ (የዲፈረንሻሉ ትልቁና ትንሹ ጥርስ) ይከፈት። ማኪያቶውን እያወቀ ወራት የነዳ ደንበኛ ነበረኝ። ስከፍተው ኩሽኔታዎቹ ዝገው፣ ገጻቸው የፈንጣጣ ጠባሳ መስሏል።

በርካሽ ዘይት ሞልታችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱና አውርዱ። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ድገሙት። በናፍጣ አጥባለሁ ብሎ ናፍጣ ሞልቶ የሚነዳ አለ፤ እሱን ሰው ምን ይበሉታል። የመጨረሻው 80 ደብሊው 90 ወይም 85 ደብሊው 90 ይሁን፣ ደረጃው ጂኤል 5።

ከዚያ ጎማው ይወርዳል፣ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት) ይፈታል። የኩሽኔታው ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው። የ54 ቡሽ (ዳዶው ላይ የሚገጥም መፍቻ) ግዙ! በመሮና በመዶሻ የተፈታ ዳዶ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጠርዙ ተበልቶ፣ ጥርሱ ተላልጦ ነው የሚመጣው። ኳሱ ሲከፈት ግራሶ መሆን የነበረበት ግራጫ ሾርባ ሆኖ ይፈስሳል። ሁሉንም እጠቡ፣ አድርቁ። የሚቀጨቅጨው ጆይንት (ኳሱ ውስጥ ያለው የአክስሉ መታጠፊያ) ቤቱ ተቦርቡሮ ከሆነ ግራሶ አያድነውም።

አዲሱን የውስጥ ኦይልሲል (ኳሱን ከዲፈረንሻሉ የሚለየውን) ከማስገባታችሁ በፊት አክስሉ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራችሁ አስኪዱት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ኦይልሲል አይቋቋመውም፤ አክስሉ ይታይ። ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ዲፈረንሻሉ ይዞራል። ከንፈሩን ግራሶ ቀቡት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን እኩል መትታችሁ አስገቡት።

ስለ ኦይልሲሉ ራሱ። ሱማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ተራው ውስጥ፣ ስትገዙ ካርቶኑን አትመኑ፤ ፎርጂዱም ካርቶኑ ያምራል። አውጥታችሁ ከንፈሩን ገልብጡና ስፕሪንጉን እዩ። ከላላ ወይም ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ዝገት ከነካው መልሱት። ጎማው እንደ ፕላስቲክ ከደረቀም መልሱት። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ኳሱን በሞሊብዲነም ግራሶ ሦስት አራተኛ ያህል ሙሉት። ተራው ግራሶ አይሆንም። ሞዞውን ካሰራችሁ በኋላ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ በእጅ ንኩት። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል፣ ይላላ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መተንፈሻው ካልተነካ ግን ገንዘባችሁን ወንዝ ጣላችሁት። ቆቧን አውጡና በምትኳ ዘይት የሚችል ቱቦ አስሩ። የፊቱን ሞተር ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ የኋላውን ወደ ቦዲው ውስጥ። ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ሰኩበት፣ አቧራ እንዳይገባ። ከጭስ ማውጫው አርቁት።

ለቱቦው ላላ ያለ ትርፍ ተዉለት። በተለይ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ፊታቸው ባሌስትራ (ድርብርብ ብረት) ሳይሆን ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) ነው፤ አክስሉ ብዙ ይወርዳል። የመጀመሪያውን የሠራሁት ለእኚያው ሹፌር ነበር፤ አሳጥሬ አስሬው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ተነቀለ። ደውለው «መካኒኩ፣ የሰካኸው ነገር ተንጠልጥሏል፣ ልቁረጠው?» አሉኝ።