ከሐዋሳ ወደ ኦክስፎርድ ለሚሄድ ተማሪ፦ የኮሌጅ እራት ሥርዓት

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው «ካፌ» ሲባል ትዝ የሚለው ሰልፉ፣ የምግብ ካርዱና ከጓደኞቹ ጋር ተጣቦ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ነው። ለድኅረ ምረቃ ወደ ኦክስፎርድ ሲሄድ ግን «ፎርማል ሆል» የሚባል፣ ጋውን ተለብሶ በሻማ ብርሃን የሚበላበት እራት ይጠብቀዋል። ብዙዎች ይህን እራት የሚፈሩት የሀብታሞች ፈተና ስለሚመስላቸው ነው። እኔ ግን በትልቅ ሰው ፊት ተነሥቶ፣ ማዕድ ሲባረክ ቆሞ ያደገ ልጅ የሥርዓቱን መንፈስ አስቀድሞ ያውቀዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ የሚቀረው ዝርዝሩ ነው።

በመጀመሪያ «ኮሌጅ» የሚለው ቃል እዚያ ሌላ ትርጉም እንዳለው ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኒቨርሲቲያችን ሲመሠረት የተቀላቀሉት የአዋሳ የእርሻ ኮሌጅና የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የትምህርት መስክ ነበራቸው። የኦክስፎርድ ኮሌጅ ግን የሕግ፣ የሕክምናና የታሪክ ተማሪዎች አብረው የሚኖሩበት ቤት ሲሆን፣ ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ ከትምህርት ክፍላችሁ ውጪ ካሉ ሰዎች ጋር በእርግጥ የምትተዋወቁት በዚህ ገበታ ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዳትቀሩ አጥብቄ የምመክረውም ለዚህ ነው።

ቦታ የሚያዘው አስቀድሞ ሲሆን፣ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ «ባትልስ» በሚባለው የኮሌጅ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል። ስትመዘገቡ ስለ ጾም የምትጽፉት ቃል ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቬጀቴሪያን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሥጋ የሌለበት ነገር ግን ቅቤ፣ አይብ ወይም እንቁላል የገባበት ምግብ ሊመጣላችሁ ስለሚችል፣ ለጾም የሚስማማው ቃል «ቪገን» ነው። የመጀመሪያው የትምህርት ወቅት የሚያበቃው በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ በመሆኑ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)፣ ኮሌጆች የገና እራታቸውን የሚያዘጋጁት በእኛ አቆጣጠር ጾመ ነቢያት በሚገባበት በኅዳር 15 ገደማ ነው፤ በዚያ ምሽት ቱርክ ዶሮ ፊታችሁ ተቀምጦ ከመጨነቅ ቀድሞ ለወጥ ቤቱ ማሳወቅ ይሻላል። ሙስሊም ተማሪዎችም ሐላል የሚለውን ምርጫ በዚያው ጊዜ መግለጽ ይኖርባቸዋል።

አለባበስን በተመለከተ ጥቁር ሱፍ ከከረባት ጋር ወይም ረዘም ያለ ቀሚስ ይበቃል። ጋውን ያስፈልግ እንደሆነ ከኮሌጁ ተማሪዎች ጠይቁ፤ ልማዱ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል።

አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ ወንበራችሁን ይዛችሁ ቁሙ እንጂ አትቀመጡ። መምህራኑ «ሃይ ቴብል» ወደሚባለው የክብር ጠረጴዛ ሲያልፉ ሁሉም ሰው ይቆማል፤ በእኛ ቤት ለትልቅ ሰው «ኖር» ተብሎ እንደሚነሣው ማለት ነው፣ እዚያ ግን የሚነሣው ዝም ተብሎ ነው። ቀጥሎ በላቲን ጸሎት ይደረጋል። በብዙ ኮሌጆች ጸሎቱ «ቤኔዲክቱስ ቤኔዲካት» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ሲሆን፣ ትርጉሙ «ቡሩክ የሆነው ይባርክ» ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ተቀመጡ፤ ስልካችሁም ከኪስ አይውጣ።

ሹካና ቢላው የተደረደረው በምግቡ ቅደም ተከተል ስለሆነ ከዳር ጀምራችሁ ወደ ሳህኑ እየተጠጋችሁ ተጠቀሙ። በግራ ያለው ትንሽ የዳቦ ሳህን የእናንተ ነው፤ በቀኝ ያለው ብርጭቆም እንዲሁ። ለእኛ ሰው በጣም የሚከብደው ሹካ በግራ እጅ ተይዞ ወደ አፍ መሄዱ ነው፤ በግራ መብላት ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነንና። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ገዝታችሁ፣ ቤት ጠብሳችሁ፣ በሹካና በቢላ ከአጥንቱ መለየትን ተለማመዱ፤ ዓሣ የለመደ እጅ ሌላው አይከብደውም። በልታችሁ ስትጨርሱ ሹካውንና ቢላውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሳህኑ ላይ አሳርፉ፤ አስተናጋጁ ሳህኑን የሚያነሣው ይህን አይቶ ነው።

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁት ከመግደርደር ነው። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ድንች ሲቀርብልኝ «ይበቃኛል» አልሁና ሁለተኛ ጥያቄ ጠበቅሁ፤ ሳህኑ ግን ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ። እዚያ «በሞቴ» ብሎ የሚለምን ስለሌለ፣ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» በሉ። የማትጠጡ ከሆነም ወይኑን በአንድ ቃል መመለስ ይበቃል፤ ጽዋ ሲነሣ ውኃ ማንሳት ይቻላል። በግራና በቀኝ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ተራ በተራ ተነጋገሩ፤ ምን እንደሚያጠኑ መጠየቅ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ማጣጣሚያው ቀርቦ ፖርት የሚባለው ጣፋጭ ወይን ከዞረ ጠርሙሱን ባትቀዱም በግራ ላለው ሰው አሳልፉ። መምህራኑ ሲወጡ እንደገና ቁሙ፤ ከዚያ በፊት ከአዳራሹ መውጣት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሥርዓቱን ከለመዳችሁ በኋላ ኮሌጁ እንግዳ የሚፈቅድበትን ቀን ጠይቁና በሌላ ኮሌጅ የሚማር የአገር ልጅ ጋብዙ፤ የእንግዳው ክፍያ በእናንተ ባትልስ ላይ ይጻፋል፣ ጾሙንም አብራችሁ አስመዝግቡለት።