የካይያ ሳሪያሆን ኳርቴቶች ስንሰማ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፊንላንዳዊቷን የሙዚቃ ደራሲ የካይያ ሳሪያሆን (1952–2023፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስትሪንግ ኳርቴቶች (ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፉ ሥራዎች) አምስት ደቂቃ ሰምተው የሚዘጉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። «ኒምፌያ» (1987) እና «ቴራ ሜሞሪያ» (2006) ትዕግሥትን አብዝተው የሚክሱ ሥራዎች ናቸው።

ትልቁ ስህተት የሚያንጎራጉሩት ዜማ መጠበቅ ነው። እዚህ ነገሩን የሚመራው የድምፁ ቀለም ነው። ቫዮሊኑ ያንኑ ኖታ እንደያዘ ደጋኑ ቀስ እያለ ቦታ ይለውጣል። ጣቶች ወደሚያርፉበት ሰሌዳ ሲጠጋ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ዋሽንት ዋሽንት ይላል፤ ክሮቹን ወደሚሸከመው ብርኩማ ሲሄድ ይሳሳል፣ ብረት ብረት ይሸታል። ሳሪያሆ ይህን ጉዞ በኖታ ወረቀቱ ላይ በቀስት ምልክት ትጽፈዋለች። ኖታው ሳይለወጥ ብዙ ነገር ይለወጣል፤ ጆሮ መከተል ያለበት ይህንን ነው።

ሻካራውን ድምፅ የተጫዋች ጉድለት አድርጎ መቁጠርም የተለመደ ነው። ተጫዋቹ ደጋኑን አጥብቆ ሲጫን ኖታው ይሰነጠቅና ሻካራ ፍግፈጋ ይቀራል። ለሳሪያሆ ጥርት ያለው ድምፅና ሻካራው የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ውጥረትንና እፎይታን የምትፈጥረው በመካከላቸው በመመላለስ ነው። ለ«ኒምፌያ»ማ የቼሎን ውስብስብ ድምፆች በኮምፒውተር ተንትና የሥራውን ሃርመኒ (ድምፆች አብረው የሚሰሙበትን ቅንብር) ከዚያ አወጣች። ኮርዶቹ፣ ባንድነት የሚሰሙት ኖታዎች፣ የተወለዱት እንከን ከመሰለን ድምፅ ነው ማለት ነው! የማሲንቆ ደጋን ክሩን ሲፈገፍግ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመቀበል ብዙ እንደማይቸገር አምናለሁ።

በስልክ ድምፅ ማጉያ መስማት ደግሞ ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል። በ«ኒምፌያ» ኤሌክትሮኒክሱ የአራቱን መሣሪያዎች ድምፅ እዚያው እየተጫወቱ ሳለ ይለዋውጠዋል፤ ተጫዋቾቹም የሩሲያዊውን ባለቅኔ የአርሴኒ ታርኮቭስኪን ቃላት ያንሾካሹካሉ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ከሌለ ሹክሹክታው አይደርስም።

ፊንላንድ ሲባል ሐይቅና ጫካ፣ ከዚያም ዝነኛው የአገሪቱ የሙዚቃ ደራሲ ሲቤሊየስ ብቻ የሚታያቸው አሉ። የሲቤሊየስ «ቮቸስ ኢንቲሜ» (1909) ድንቅ ኳርቴት ነው፤ ሳሪያሆን ግን በእርሱ መለካት አያስኬድም። እርሷ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከእነ ማግኑስ ሊንድበርግና ኤሳ-ፔካ ሳሎነን፣ እንደ እርሷ ከሙዚቃ ደራሲዎች፣ ጋር ሆና በሄልሲንኪ «ጆሮ ይከፈት» የሚል ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ናት፤ በ1982 ፓሪስ ገብታ በኢርካም የሙዚቃ ምርምር ተቋም ከኮምፒውተር ጋር መሥራት ጀመረች። ኒምፌያ የውኃ አበባ ቢሆንም የሐይቅ ሥዕል አትጠብቁ። የሳባት የአበባው የተመጣጠነ ቅርጽ በማዕበል ላይ መለዋወጡ ነው።

የመጨረሻው የቅደም ተከተል ስህተት ነው፤ ብዙዎች ዝነኛ ስለሆነ በ«ኒምፌያ» ይጀምራሉ። እኔ «ቴራ ሜሞሪያ»ን አስቀድማለሁ። ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ መታሰቢያነቱም በሞት ለተለዩን ነው። የሞተ ሰው ሕይወት ተፈጽሟል፣ የሚጨመርበት የለም፤ የእኛ ትዝታ ግን መለዋወጡን አያቆምም። ሙዚቃውም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ሐሳብ እስከማይታወቅ ይቀየራል፣ አንዳንዱ ሳይነካ ተመልሶ ይመጣል። ስትፈልጉት በ2009 ለስትሪንግ ኦርኬስትራ የተዘጋጀው ቅጂ ሊቀድማችሁ ይችላልና አራት ተጫዋቾች ብቻ ያሉበትን ምረጡ።