የብርሃንን ፍጥነት በማይክሮዌቭና በቸኮሌት እንዴት መለካት ይቻላል

የትናንት ወጥ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ አንዱ ጥግ እየፈላ ሌላው ቀዝቅዞ ይገኛል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ከማግኔትሮኑ (ሞገዱን ከሚያመነጨው ክፍል) የሚወጣው ሞገድ፣ እሱም እንደ ብርሃን ያለና በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ሞገድ፣ ከብረቱ ግድግዳ ተመልሶ ከሚመጣው ጋር ይደራረባል፤ በአንዳንድ ቦታ ተደጋግፎ ይበረታል፣ በሌላው ተጠፋፍቶ ይደክማል። ሳህኑ የሚሽከረከረው ይህን ለማቻቻል ነው። እኛ ግን መዛባቱን እንፈልገዋለን።

መጀመሪያ የሚሽከረከረውን ሳህን ያውጡ። ከሥሩ ያለው ማዞሪያ መዞሩን ስለማይተው፣ ሳይነካው እንዲሸፍነው ጎድጓዳ ሳህን ገልብጠው ይድፉበት፤ ጠፍጣፋ ሳህን ከላይ ያድርጉና ሰፋ ያለ ቸኮሌት ያስቀምጡ። የቸኮሌቱን የብር ወረቀት አንድም ሳያስቀሩ ይላጡ፤ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሳህንም አይጠቀሙ፣ ሁለቱም ብልጭታ ያስነሳሉ። ቸኮሌት ከሌለ ሰፊ ዳቦ ላይ ማርጋሪን በስሱ መቀባት ይበቃል።

አሁን ያብሩት፤ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አንድ ሁለት ቦታ መቅለጥ ሲጀምር ወዲያው ያጥፉ። ብዙ ሰው ውጤቱን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሞገዱ ኃይሉን በራዲየሽን (በጨረር) የሚሰጠው ለተወሰኑ ቦታዎች ቢሆንም፣ ሙቀቱ እዚያው አይቆይም፤ በኮንዳክሽን (በንክኪ) ከሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይዛመታል። ትንሽ ከዘገዩ ነጠብጣቦቹ ተቀላቅለው አንድ ኩሬ ይሆናሉ፣ የሚለካም አይኖርም።

ከአንዱ የቀለጠ ቦታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል በማስመሪያ ይለኩ። ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲወዛወዝ እኩል ስለሚያሞቅ፣ ይህ ርቀት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው። ስለዚህ በ2 ያባዙት። ከዚያ ከማይክሮዌቩ ጀርባ ያለውን መለያ ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 2450 ሜጋኸርትዝ ይላል፣ በሰከንድ 2,450,000,000 ውዝዋዜ ማለት ነው።

ለምሳሌ 6.1 ሴንቲሜትር ካገኙ፣ የሞገዱ ርዝመት 12.2 ሴንቲሜትር ወይም 0.122 ሜትር ነው። ሞገዱ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ አንድ የሞገድ ርዝመት ስለሚጓዝ፣ ይህ በ2,450,000,000 ሲባዛ ፍጥነቱን፣ በሰከንድ 298,900,000 ሜትር፣ ይሰጣል። ትክክለኛው 299,792,458 ነው፤ የወጥ ቤት ዕቃ ይህን ያህል መቅረቡ እኔን አሁንም ይገርመኛል።

ኸርትዝ የሚባለው የመለኪያ አሃድ ስሙን የወሰደው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ኸርትዝ ነው። እሱም በ1880ዎቹ መጨረሻ ካርልስሩኸ ውስጥ ሞገዱን ከዚንክ ሉህ ላይ እያስመለሰ ብርቱና ደካማ ቦታዎቹን ፈልጓል፤ በቸኮሌት ፈንታ የተጠቀመው ብልጭታ የሚሰጥ የሽቦ ቀለበት ነበር።

የማይክሮዌቩ ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በሦስቱም ስለሚመላለስ አንዳንዱ ጥንድ 5፣ ሌላው 7 ሴንቲሜትር ሊሰጥ ይችላል። የተለያዩ ጥንዶችን ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላም አዲስ ቸኮሌት ይጠቀሙ።